ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው መንጠቆ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? ያ የሸራ መስፊያ መኪናሽ ዛሬም እንደ ድሮው እያጉረመረመ ነው? በእኔ በኩል ጤናዬ ደህና ነው፣ ምግቤም ደህና ነው። የጎደለኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱንም በየደብዳቤው እየጻፍኩ ሳላሰለችሽ አልቀረሁም።

ሥራ ያው ነው። የሆቴል አንሶላ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል። አብራኝ ስለምታጥፈው ልጅ ነግሬሽ ነበር፤ ሁላችንም "ረጅሟ" የምንላት። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እንወጥራለን፣ እንገናኛለን፣ እንደገና እንራራቃለን። ቀኑ በዚሁ ያልቃል። አንድ ቀን አንሶላውን እንደወጠርን፣ "አንቺ፣ እኔና አንቺ ከአንሶላ ሌላ አብረን የምንይዘው ነገር የለም ማለት ነው?" አለችኝና እሁድ እሁድ ሰዎች ግድግዳ ወደሚወጡበት አዳራሽ ይዛኝ ሄደች።

አትሳቂ አክስቴ። ድሮ የዱቄት መጋዘን የነበረ ትልቅ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ እንደ እንጉዳይ የበቀሉ ባለቀለም መያዣዎች አሉ። አንዱ ወገቡን ታጥቆ ይወጣል፤ ሌላው መሬት ላይ ቆሞ ገመዱን ይይዝለታል፤ የወጣው ጫፍ ሲደርስ የያዘው ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ስወጣ ብታዪኝ! አጎቴ "ጉንዳን" ብሎ የጠራኝ ያለ ነገር አልነበረም። የበሩን መቃን በእግሬና በጀርባዬ ገፍቼ ስወጣ፣ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ጣራውን ይዛብን ትሄዳለች" ይል የነበረው ትዝ አለኝ።

አሠልጣኛችን ቅዝቃዜው ሲያልፍ እውነተኛ ቋጥኝ ላይ ሊወስደን ነው። "ገመድ የምትይዙበትን፣ ሰው የምታወርዱበትን መንጠቆ ግን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ" ብሎናል። እዚህ ካራቢነር ይሉታል። ሱቅ ሄድኩ። አንድ ግድግዳ ሙሉ መንጠቆ ተሰቅሏል፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ የሚቆለፍ፣ የማይቆለፍ። ዐይኔ ዞረ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን የአጎቴ መንጠቆ ትዝ አለኝ። ግድግዳ ለመቀባት በገመድ ሲንጠለጠል ገመዱ የሚያልፍበት ያ ትልቁ ብረት። እባክሽ እሱን ላኪልኝ። የእሱ መንጠቆ እጄ ላይ ካለ፣ አጎቴ ራሱ አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል።

ጉልበትሽን የምትስም፣
ጉንዳንሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለልጄ፣ ለእህቴ አደራ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ደህና መሆንሽን አንብቤ ደስ አለኝ። እኔም ደህና ነኝ። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ይከራከረኛል፣ ከሰዓት በኋላ እንታረቃለን።

መኪናዬ አሁንም ያጉረመርማል። ሰሞኑን የጭነት መኪና ሸራ ነው የምሰፋው። ሸራው ከቤቱ ስለሚበልጥ ግማሹ ደጅ ያድራል፤ ትናንት ድመቷ ውስጡ ገብታ ተኝታ አብሬ ልሰፋት ነበር። ጎረቤታችን መጽሐፍ ጠራዡ ጡረታ ወጣ። ቤቱ መጽሐፍ ማስቀመጫ ስላጣ ሽፋን የሌላቸውን ለእኔ ያመጣልኛል። አንዱ ስለ ውቅያኖስ ነው፤ መጨረሻው ስለሌለው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። "መጨረሻውን ራስሽ ጨርሺው" ይለኛል፣ ይስቃል። ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ፊደል ቆጥሬ ለተማርኩ ሰው ይህም ትልቅ ነገር ነው።

የመስኮትሽን መዝጊያ አስጠገንኩት። ክፍልሽን አየር እንዲያገኝ እከፍተዋለሁ። ቅድም ስጠርግ ግድግዳው ላይ ቁመትሽን የለካንበትን ምልክት አየሁት፤ ቀለም ልቀባበት ብዬ ተውኩት።

ስትወጪ ገመድሽን ማን ነው የሚይዝልሽ? ልቡ እዚያው ነው ወይስ ወሬ ይወዳል? እዩኝ እዩኝ የሚል ሰው እንዳይይዝሽ። ረጅሟ ረጅም ትሁን እንጂ ጠንቃቃ መሆኗን አልነገርሽኝም።

መንጠቆውን ጊዜ ሳገኝ እፈልገዋለሁ። ዕቃው ብዙ ነው፣ የት እንዳገባሁት እንጃ።

በደህና ሰንብቺልኝ። እዚያ ይበርዳል ይላሉ፣ ደረትሽን ሸፍኚ።

አክስትሽ


ኅዳር 28

ለማትሰለችኝ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን አንሶላ በሚተኮስበት ክፍል ቆሜ አነበብኩት። ድመቷ ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ የክፍሉ ኃላፊ አይቶኝ "እንፋሎቱ ጭንቅላቷ ገባ" አለ።

አክስቴ፣ መንጠቆው ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ ነው። አንቺም ታውቂያለሽ። ቤት በገባሽ በወጣሽ ቁጥር በሩ ሲዘጋ ኳ ይል የለ?

እኛ ቤት ስለዚያ ቀን ተወርቶ አያውቅም። እኔም አላወራም። ግን የሆነውን አይቻለሁ፤ ልጅ ብሆንም የቀለም ባልዲ ይዤ መንገዱ ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ ጣራው ላይ ሆነሽ አጎቴን ታወርጂ ነበር። ዝናብ መጣ። ገመዱ ከመንጠቆው ወጣ። አጎቴ እግሩ ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ አልወጣም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በርና መስኮት እየቀባ ኖረ። በመጨረሻ አልጋው ላይ በሳንባ ሕመም ሲያርፍ እኔ እዚህ ነበርኩ። ከዚህ በላይ አልልም።

ይህን ያነሣሁት ላስከፋሽ አይደለም፤ ችግር ስለገጠመኝ ነው። መውጣት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ማውረድ ነው። ረጅሟ ጫፍ ደርሳ "አውርጂኝ" ስትለኝ እጄ ድርቅ ይላል። ገመዱን ጨምድጄ እይዝና አልለቅም። ባለፈው እሁድ እዚያ ላይ ተሰቅላ ቀረች። "አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ላይ ቤት ልሥራ እንዴ?" እያለች ትጮሃለች፣ አዳራሹ ሙሉ ይስቃል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ። አሠልጣኙ መጥቶ ከእጄ ተቀበለኝ። "ሰው ማውረድ ካልቻልሽ ቋጥኙ ጋ አልወስድሽም። እዚያ እኔ በየገመዱ ሥር ልቆም አልችልም" አለኝ። ልክ ነው። ረጅሟ ደግሞ፣ "አንቺ ካልሄድሽ እኔም አልሄድም" ብላ ግግም አለች። የራሴ መፍራት ሳያንስ የእሷንም ደስታ ልወስድባት ነው።

የአጎቴ መንጠቆ ቢኖረኝ እጄ የሚፈታ ይመስለኛል። እባክሽ አክስቴ። ካልላክሽልኝ ደግሞ ለምን እንደማትልኪልኝ ንገሪኝ።

የምትናፍቅሽ፣
ጉንዳንሽ


ጥር 19

ልጄ፣

ሰላምና ጤና ከአንቺ አይለይ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ታምሜ አይደለም፤ የምጽፈውን እያጠናሁ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት መንጠቆውን ከሚስማሩ አወረድኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። በማግስቱ በጨርቅ ጠቅልዬ ብረታ ብረት ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄድኩ። ሰፈሩ "ይቺን ብቻ" ነው የሚለው፤ ምንም ዕቃ ግዢ "ይቺን ብቻ ብትጨምሪበት" ሳይል አይለቅም።

"ይህ ነገር ሰው ይይዛል?" አልኩት።

አገላብጦ አየው። "እትዬ፣ ይህ በግ ይይዛል" አለኝ። "ለዚያውም ትንሽ በግ።"

ከዚያ ትልቁ ሕንፃ ሥር መስኮት የሚያጥቡትን ልጆች ጠበቅኳቸው። አንዷ ወርዳ መታጠቂያዋን ስትፈታ ቀረብኩና መንጠቆዋን እንድታሳየኝ ለመንኳት። መጀመሪያ የሕንፃው ተቆጣጣሪ መስያት "ሁሉም በደንቡ ነው እማማ!" አለችኝ። ኋላ ስትረዳኝ ሥራዋን ትታ አስተማረችኝ፤ ሥዕል ያለበት ትንሽ መመሪያም ሰጠችኝ። ቋንቋው የእኛ አይደለም። ከመጽሐፍ ጠራዡ ጋር መዝገበ ቃላት ዘርግተን ቃል በቃል ለቅመን አነበብነው። እሱ "ከውቅያኖሱ ይሻላል፣ መጨረሻ አለው" ይላል።

ስለዚህ አሁን በደንብ አድምጪኝ።

የአጎትሽን መንጠቆ አልልክልሽም። አንደኛ፣ ገመድ ለዓመታት ሲሮጥበት ሆዱን በልቶታል። ቦዩ ውስጥ ጣት ሲሰድዱ ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ ይቆርጣል፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ ገመድሽን ይላጫል። ሁለተኛ፣ ቁልፍ የለውም። ሲገፉት የሚከፈት ምላስ ብቻ ነው ያለው። ትዝታ ከፈለግሽ ሌላ ነገር አለኝ። የሰው ሕይወት ትዝታ ላይ አይንጠለጠልም፤ ጤነኛ ብረት ላይ ይንጠልጠል።

ሱቅ ስትሄጂ አዲስ ግዢ፤ ሰው የተጠቀመበትን ወንድምሽም ቢሰጥሽ አትቀበይ። ቅርጹ እንደ ሎሚ ድፍን ሳይሆን እንደ እንባ ጠብታ፣ አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠበብ ያለ ይሁን። ሰፊው ጫፍ ገመዱ ሳይጨናነቅ እንዲያልፍ ነው፤ ሰው ስታወርጂ የሚንቀረፈፍ ገመድ እጅን ያናድዳል፣ የተናደደ እጅ ደግሞ ይሳሳታል። ገመዱ የሚያርፍበት ቦታ በጣትሽ ስትይዥው ክብና ወፍራም ይሁን። ለመቅለል ብለው ጎኑን የቀጠቀጡትን ተዪ። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው ግን ቶሎ ይበላል፣ ብረቱ ይከብዳል ግን ይቆያል። ቀላሉን ከገዛሽ በየጊዜው ጥፍርሽን ሆዱ ላይ አሂጂበት፤ ጥፍርሽ ከያዘ ሳታዝኚ ጣዪው።

ቁልፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን በቀለበቱ ራስሽ ታጠብቂዋለሽ። ሌላው ለቀቅ ስታደርጊው ራሱን ይቆልፋል። ሻይ ጥደሽ መጽሐፍ ይዘሽ የወጣሽበትን፣ ማንቆርቆሪያው ቀልጦ ያገኘንበትን ቀን አልረሳሁም። ራሱን የሚቆልፈውን ግዢ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢ። ጀርባው ላይ ቀስት የተሳለባቸው ቁጥሮች ተቀርጸዋል። መንጠቆ በቁመቱ ሲጎተት ብርቱ ነው። በወርዱ ሲጎተት ጉልበቱ ይከዳዋል። ክፉነቱ ደግሞ ራሱ መዞር ይወዳል፤ ገመዱ ላላ ባለ ቁጥር ቀስ ብሎ በጎኑ ይተኛል፣ ሰው ሳያየው። ለዚህ ብለው ሆዱ ውስጥ ትንሽ የሽቦ መከልከያ ያደረጉበት አለ። መታጠቂያሽን እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ትቆልፊዋለሽ፣ ከዚያ ወዲያ አይዞርም። እሱን ፈልጊ፤ ከሌለ ሌላ ሱቅ ሂጂ። የሚሮጠው ገመድም በጀርባው በኩል ይለፍ እንጂ በምላሱ በኩል አይለፍ። በምላሱ በኩል ካለፈ እየገፋ፣ እየገፋ ይከፍተዋል። ይህን ከመመሪያው ነው ያገኘሁት ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ከማውረድሽ በፊት መንጠቆውን በመዳፍሽ ጨብጠሽ ጭመቂው። ካልተከፈተ ተቆልፏል። በዐይንሽ አትመኚ፣ ጭመቂው። ዝናብ ቢመጣም ጭመቂው። ሰው ከታች ቢጠራሽም ጭመቂው።

ለትዝታ ያልኩሽን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። የአጎትሽን የሥራ ካፖርት ቀድጄ መንጠቆሽን የምትይዥበት ከረጢት ሰፋሁልሽ። ሰማያዊው ነጠብጣብ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነው፣ ቢጫው የዳቦ ቤቱ።

አክስትሽ


የካቲት 25

ይድረስ ለመምህሬ፣

እጅሽን ስሜ እጀምራለሁ። ከረጢቱ ደረሰኝ፤ አሸተትኩት፤ ቀለም ቀለም ይላል። ረጅሟ "ምን ሆነሽ ነው ጨርቅ የምታሸቺው?" አለችኝ። ስነግራት "እኔም ላሽትተው?" አለችኝ።

ደብዳቤሽን ይዤ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ አንዱን አንሥቶ "ይህ ቀላል ነው፣ ቀለሙም ያምራል" ሲለኝ፣ ጎኑ የተቀጠቀጠ መሆኑን አሳየሁት። ሌላ አመጣ። "ይህ በጎኑ ይተኛብኛል፣ መከልከያ ያለውን ስጠኝ" አልኩት። "ከስንት ዓመት በፊት ነው መውጣት የጀመርሽው?" አለኝ። "እኔ ጀማሪ ነኝ፤ አክስቴ ናት" አልኩት። አንቺ ቋጥኝ ላይ የምታድሪ ሴት ሳትመስይው አልቀረሽም፤ አላስተባበልኩም። ሆዱ ክብ፣ ጫፉ ሰፊ፣ የሽቦ ቤት ያለው፣ ራሱን የሚቆልፍ ገዛሁ። አሠልጣኙ አየውና "ማን መረጠልሽ?" ብሎ የሌሎቹን ልጆች መንጠቆ እየዞረ ማየት ጀመረ።

መንጠቆዬ እንግዲህ ጥሩ ነው። እጄ ግን ያው ነው። ጨመቅሁት፣ ተቆልፏል። ገመዱ በጀርባው ያልፋል። ሁሉም ልክ ሆኖ እያለ እጄ አሁንም አልለቅ አለኝ። አወረድኳት ከማለት አንገጫገጭኳት ማለት ይሻላል፤ እንደ አሮጌ አውቶቡስ፣ ጋ ጋ ጋ እያልኩ። አሠልጣኙ አንድ ዕድል ብቻ ሰጥቶኛል።

አክስቴ፣ ደብዳቤሽ ላይ ያልጻፍሽውን አነበብኩት። አንቺ ያየሽው መንጠቆው በጎኑ መተኛቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ አላየሽም። እኔ ግን ከታች ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። አጎቴ ወደቀ፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ እግሩ መታ፣ ከዚያ ቆመ። አየር ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው፣ መሬት ወረደ። ባልዲዬን ጥዬ ደረጃውን ሮጥኩ። አንቺ እግርሽን የጣራው ከንፈር ላይ ተክለሽ፣ ገመዱን በባዶ እጅሽ ይዘሽ ነበር። መሬት መድረሱን ነግሬሽም አልለቀቅሽም። ጣቶችሽን አንድ በአንድ የፈታሁት እኔ ነኝ።

እግሩ ጀሶ ውስጥ ሳለ፣ "ፈርተህ ነበር?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"እስከ በረንዳው ድረስ ፈርቻለሁ" አለኝ። "ከዚያ በኋላ ግን አክስትሽ እንደያዘችኝ አወቅሁ።"

"እንዴት አወቅህ? አታያትም።"

"በገመዱ ነዋ። እጇን ከገመዱ ላይ አውቀዋለሁ።"

ይህን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ የምታውቂ ስለመሰለኝ ነው። ለካ አልነገረሽም። እሱም የምታውቂ መስሎት ይሆናል።

መንጠቆውን መርጠሽልኛል። አሁን ደግሞ እጅሽን ነው የምለምንሽ። ዐይንሽ ሳያየው፣ እንዴት አድርገሽ ነበር ስታወርጂው የኖርሽው?

ልጅሽ


መጋቢት 30

ልጄ ሆይ፣

እንደምን አለሽልኝ? ደብዳቤሽን በልቤ ብቻ አንብቤ አልጠገብኩም፤ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። የእሱ ንግግር ጋ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። ድምፁን ለማስመሰልም ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ድመቷ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

አንድ ነገር ልወቅስሽ፤ ይህን ያህል ዓመት ይዘሽው ኖርሽ?

ይሁን። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም። ያን ቀን ገመዱ የላጠው መዳፌ ደህና ነው። ቆዳው ስለጠነከረ መርፌ ሲወጋኝ አይሰማኝም፤ ለሸራ ሰፊ ይህ ጸጋ ነው። የመጽሐፍ ቅጠል ለመግለጥ ብቻ ያስቸግረኛል፤ በትንሿ ጣቴ ነው የምገልጠው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ልክ ነሽ፣ አላየውም ነበር። የጣራው ከንፈር ላይ ሆኜ የማየው ገመዱን ብቻ ነው፤ እሱ ከታች ግድግዳው ላይ ነው። ስለዚህ ያፏጭ ነበር። የምናውቀው ዘፈን አይደለም፤ እዚያው የሚፈጥረው ነገር ነው፣ መጨረሻ የለውም። ሲያፏጭ እለቃለሁ። ሲያቆም አቆማለሁ፤ ቡርሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ ነው ማለት ነው። ፈጠን አድርጎ ሲያፏጭ ፈጠን አደርጋለሁ። እጄ ራሱ ምን እንደሚሠራ አስቤ አላውቅም። ጆሮዬ ነበር የሚያወርደው።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ፉጨቱ ጠፋብኝ።

አንቺም እጅሽን አትዪው። እጅሽን ስታዪው ይፈራል። የታችኛው እጅሽ ገመዱን መቼም አይልቀቅ፣ እሱን አንድ ጊዜ ለይተሽ ንገሪው፤ ከዚያ ተይው። ጆሮሽን ረጅሟ ላይ አድርጊ። እንድታወራ አድርጊያት፤ ወሬ እንደማይቸግራት ከደብዳቤሽ ገብቶኛል። ወሬዋ ሲሄድ ገመዱ ይሂድ።

እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

አክስትሽ


ሚያዝያ 22

አክስቴ! አክስትዬ!

ሰላምታውን ቆይቼ እመለስበታለሁ። አወረድኳት!

አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ፣ ከዚያ ቋጥኙ ላይ። ቋጥኙ ግራጫ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል፣ ከሥሩ ቅጠል ይሸታል። ረጅሟ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ከእኔ ዐይን ተሰወረች። መንጠቆውን ጨመቅሁት። "አውሪ!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ላውራ?" አለች ከላይ።

"ያሻሽን! ዝም ብቻ አትበዪ!"

ጀመረች። ስለ ክፍል ኃላፊያችን ጫማ፣ ስለ ሰባራው መተኮሻ፣ ስለ ቀድሞ ፍቅረኛዋ ማንኮራፋት፣ ሁሉንም ከገደል ላይ አወረደችው። ከሥር የነበሩት ሰዎች መክሰሳቸውን መብላት አቁመው ያደምጣሉ። ስታወራ ለቀቅሁ። እግሯን ስታስተካክል ዝም ስትል አቆምኩ። እጄን አላየሁትም። መሬት ስትረግጥ እንኳ ማንኮራፋቱን አልጨረሰችም፤ "ቆይ ይህን ልጨርስልሽ" አለችና ታጥቃ ቆማ ጨረሰችው።

ከዚያ አቀፈችኝ። "ገመዱ ላይ ማን እንደያዘኝ አወቅሁ" አለችኝ። አክስቴ ሙች፣ የአጎቴን ንግግር ነግሬያት አላውቅም።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሠልጣኙ የተጎዳሁ መስሎት የድንገተኛ ሕክምና ቦርሳውን ይዞ ሮጠ።

አሁን ሰላምታው። እንደምን አለሽልኝ? እኔ ናፍቆትሽን መሸከም ከበደኝ። ዝናቡ ሲያልፍ፣ በጥቅምት ፈቃድ ሰጥተውኛል። ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ እንዳትከለክዪኝ ብዬ ነው ቆርጬ የምነግርሽ። አጎቴ ሲያርፍ መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። አሁን እመጣለሁ።

የቤታችን የኋላ ግድግዳ፣ ወደ መንገዱ ያለው፣ እሱ ከቀባው ወዲህ ሰው አልነካውም አይደል? ቀለሙ እየተላጠ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ልቀባው እፈልጋለሁ። ከጣራው በገመድ ወርጄ። ገመድ፣ መታጠቂያና መንጠቆ ይዤ እመጣለሁ። እንደ እኔው ያለ ሁለተኛ መንጠቆም ለአንቺ ገዝቻለሁ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደፍሬ እጽፈዋለሁ፤ ካልፈለግሽ ሳትመልሺልኝ ዝም በይ፣ ይገባኛል። ገመዱን አንቺ ትይዥልኛለሽ?

ጉንዳንሽ


ግንቦት 18

ልጄ፣

በሰላም የምትመጪበትን መንገድ ፈጣሪ ያቅናልሽ።

ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ጣራ ላይ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥቼ አላውቅም ነበር። መሰላሉን መጽሐፍ ጠራዡ ያዘልኝ፤ "እባክሽ እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ" እያለ ከሥር ሲለማመጥ ነበር። እግሬን ተክዬበት የነበረው የጣራው ከንፈር አሁንም ደህና ነው። ለገመድሽ ማሰሪያ ግን አሮጌውን አላምነውም፤ "ይቺን ብቻ" መጥቶ አዲስ ይተክላል። አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፤ ቢጫውንም ሰማያዊውንም ቀለም ከእሱ ስገዛ አንድም ነገር እንዳይጨምርብኝ።

የመስኮት አጣቢዋ ልጅ እሁድ እሁድ እየመጣች ገመድ አያያዜን ታያለች። የአሸዋ ጆንያ እያወረድን ነው የምንለማመደው። ጆንያው ስለማያወራ ያስቸግረኛል እንጂ እጄ አልረሳም።

የእሱን መንጠቆ ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ኳ ይላል። ስትመጪ ትሰሚዋለሽ።

ክፍልሽን አጽድቻለሁ። አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ።

ከላይ ሆኜ አላይሽም። እንደ ረጅሟ ወሬ አይሆንልሽም፤ ከልጅነትሽም ሥራ ስትይዥ አፍሽ ይዘጋል። ስለዚህ እስከ ጥቅምት ድረስ ማፏጨት ተለማመጂ።

አክስትሽ